ሽንብራ መሀል የቆመ ስንዴ

ኤልቃና አንድ እቅፍ እሸት ሽንብራ ይዞ በራችን ላይ ሲቆም ስጦታ ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው። በኅዳር እሸት ይዞ የመጣ ሰው ሌላ ምን ሊፈልግ ይችላል? አመሰግናለሁ ለማለት አፈርኩና ዝም ብዬ ተቀበልኩት። ገና መያዝ ከጀመሩት ፍሬዎች አንዱን ፈልቅቄ ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ለቀም አድርጎ ያዘኝ።

«አትብዪው!»

የአጎቴ ሚስት አዴ ገለቴ ድምፁን ሰምተው ከጓዳ ብቅ አሉ። እጄ በእጁ ውስጥ እንዳለ አዩን። ኤልቃና ወዲያው ለቀቀኝ። እሳቸው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ካዩ በኋላ ተመልሰው ገቡ።

«ልትበዪው አይደለም ያመጣሁልሽ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንድታዪው ነው።»

ያን ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። ግንዱ እንደ ተፈተለ ገመድ ተጠምዟል። ቅጠሎቹ ወደ ታች ተቆልምመዋል፤ ጫፉ ላይ ያሉት ለጋዎች ነጥተዋል። ድርቅ እንዲህ አያደርግም፤ ትልም እንዲህ አያደርግም።

«ከየት ነው የነቀልከው?»

«ከአጥሩ ሥር። ከኦቦ ቦጂያ ማሳ።»

ኦቦ ቦጂያ የእናቴ ወንድም ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ኤሱማ እላቸዋለሁ። ማሳቸው ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ አንድ የአበባ እርሻ አጥር ጋር ይዋሰናል። ኤልቃና እዚያ እርሻ ውስጥ መድኃኒት ረጪ ነበር። ከዱራሜ አካባቢ የመጣ ጴንጤ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ቱታውን እያጠበ ሲዘምር አዴ ገለቴ «ይኼ ልጅ ቱታውን ሊያጠምቀው ነው» እያሉ ይስቁበታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው። ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ አጎቴ ቤት ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስንዴ የአረም መድኃኒትን ሰውነቱ ውስጥ እንዴት እንደሚያከሽፍ ነበር፤ ኤልቃና ይህን ስለሚያውቅ ነው ሽንብራውን ለእኔ ያመጣው።

«ምንድን ነው የረጨኸው?» አልኩት።

«ቱፎርዲ። ያ ጋዝ ጋዝ የሚሸተውን። የአጥሩን አረም ጨርስ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ነበር፤ ንፋስም አለ። ሱፐርቫይዘሩን ‹ንፋስ ነው እኮ› ስለው ‹አንተን የቀጠርንህ ለአየር ትንበያ ነው?› አለኝ።»

«በዚያ ፀሐይ ተንኖ ሄዷል። ንፋሱ ወደ ማሳው ወስዶታል።»

«ታዲያ የኦቦ ቢቂላ ጤፍ ለምን ምንም አልሆነም? እሱም አጥሩ ሥር ነው። ሁለቱም እኩል ጠጥተው እንዴት አንዱ ብቻ ይሞታል?»

ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ይህን ሲጠይቁኝ ግን ምላሴ ይፈታል። ስንዴና ጤፍ ውስጥ ኢንዛይሞች አሉ አልኩት። መድኃኒቱ ሲገባባቸው አንደኛው ይይዝና ቅርጹን ይለውጥበታል፤ ሌላው ስኳር ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ሴሉ ውስጥ ባለች ከረጢት ይቆልፉበታል። ቅርጹ ስለተለወጠ ቢወጣም አይጎዳም።

«ሽንብራ ይህ የለውም?»

«ሽንብራም ይይዘዋል። ግን ቅርጹን ሳይለውጥ ነው የሚያስረው። የታሰረው ይፈታና እንደገና ይመርዘዋል።»

«እንደ ቀበሌያችን ሚሊሻ በይኛ። ጠዋት አስሮ ማታ ይለቃል።»

ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሽንብራውን ከእጄ መልሶ ተቀበለኝ።

«ሊቤ፣ የሞተው የእነማን ማሳ እንደሆነ አላየሽም?»

ያኔ ገባኝ። በዚያ ክረምት የአበባ እርሻው ወደ ማሳዎቹ ሊሰፋ ነው ተብሎ ገበሬዎቹ እንዲፈርሙ ተጠይቀው ነበር። ማስተር ፕላኑ መጣ፣ አዲስ አበባ ልትውጠን ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። ገሚሱ ፈረመ፤ ጤፋችሁን አጭዳችሁ ልቀቁ ተባለ። አጎቴና ሌሎቹ አንፈርምም አሉ። በእኛ አገር ሰብል የቆመበት መሬት አይለካም፤ ቀያሹም ቢሆን አጨዳ እስኪያልፍ ይጠብቃል። ስለዚህ ያልፈረሙት ተመካክረው ማሳ ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰብል መረጡ። በመስከረም ሁሉም ሽንብራ ዘሩ። ሽንብራ እስከ የካቲት መሬቱን ይዞ ይቆያል፤ እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔር ያውቃል አሉ።

የፈረሙት ሰዎች ማሳ በሙሉ ጤፍ ነበር። ያልፈረሙት በሙሉ ሽንብራ።

«ዛሬ ከሥራ ስመለስ ለኦቦ ቦጂያ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለኝ ኤልቃና። «ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ቤታቸው ነው የማድረው።»

ቱታውን ለብሶ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ስልኮች ይጮኹ ጀመር። ቡራዩ መንገድ ተዘግቷል። ሱሉልታ ተኩስ አለ። ሰበታ ተማሪው ለተቃውሞ ወጥቷል። ከእኛ መንደር በታች አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ ጎማ ተቃጠለ። ቀትር ሳይሞላ የተኩስ ድምፅ ሰማን፤ መጀመሪያ አንድ፣ ትንሽ ቆይቶ ብዙ። አዴ ገለቴ በሩን ዘጉት። ከውጪ የሴት ጩኸት ሲሰማ መልሰው ከፈቱት።

የጎረቤታችን ልጅ ደገፋ መሀል መንገድ ላይ ቆሟል። ታናሽ ወንድሙን ፖሊሶች አስፋልቱ ላይ በጥይት መትተውት ነበር። ሬሳውን ቤት አስገብቶ ሸሚዙን ይዞ ወጥቷል። ሸሚዙ ደም ጠጥቶ ከብዷል፤ ደገፋ በሁለት እጁ ነበር የያዘው። አላለቀሰም። «ኑ» ብቻ አለ። ወጣቶቹ ተከተሉት። ወደ አበባ እርሻው ነበር የሄዱት።

ጥቂት ቆይቶ ጥቁር ጭስ ተነሳ። የአበባ ቤቶቹ ላስቲክ ሲቃጠል ጉሮሮ የሚቆርጥ ሽታ አለው። «አጎትሽ ማሳው ላይ ናቸው» አሉ አዴ ገለቴ። «ከጠዋት ጀምሮ የሞተውን ሽንብራ ሊያዩ ከነ ጎረቤቶቻቸው እዚያ ናቸው። ሂጂ ጥሪያቸው፤ እኔ እግሬ አይደርስም።» ሮጥኩ።

ማሳው ላይ ስደርስ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ሠራተኞቹ ከእርሻው ሲሸሹ አብዛኞቹ በአስፋልቱ አምልጠዋል። ኤልቃና ግን በማሳው በኩል ወደ ቤታችን ሲሮጥ ያዙት። አረንጓዴ ቱታውን ለብሷል። ጉልበቱ መሬት ላይ ነበር፤ ከአፉ ደም ይወርዳል። ደገፋ የመርጫውን የብረት ዘንግ ይዟል።

«ማን ላከህ?»

«ንፋስ ነው» አለ ኤልቃና። «ወንድሞቼ፣ በኢየሱስ ስም፣ ንፋስ ነው የወሰደው።»

«ስማ! ንፋስ ነው ይላል። ንፋስ የፈረመና ያልፈረመ ይለያል?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ዘንጉ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ደረቅ እንጨት ይመስላል፤ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ኤልቃና በግንባሩ ተደፋ። ከኋላ አንድ ሰው ጎኑን ረገጠው፤ ሌላ ሰው ድንጋይ አነሳ።

«ቆይ» አሉ አጎቴ።

ድንጋይ ያነሳው ሰው እጁን ገታ። አጎቴ አንድ ደረቅ ሽንብራ በእጃቸው ይዘው ወደ ኤልቃና ጎንበስ አሉ።

«ኤልቃና፣ የረጨኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ኦቦ ቦጂያ። ዛሬ ልነግርዎ ነበር።»

አጎቴ ቀና አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ለሰዎቹ ይህ ይበቃ ነበር፤ ድንጋዩ ወረደ።

ክቡ ውስጥ ለመግባት ስሞክር አንዱ በክንዱ ገፋኝ። «አንቺ ደግሞ የሴት ቦታ አይደለም፤ ቤትሽ ግቢ!» መሬት ላይ ወደቅኩ። ከወደቅኩበት የኤልቃና ጫማ ይታየኝ ነበር፤ በተመታ ቁጥር አፈሩን ይጭራል። ተነስቼ የአጎቴን ኮት እጅጌ ያዝኩ።

«ኤሱማ፣ አምና ይህ ማሳ ምን ተዘርቶበት ነበር?»

እንዳበደች ሰው አዩኝ።

«ይመልሱልኝ! ምን ነበር?»

«ስንዴ።»

«አረሙን በምን አጠፉት?»

«በቱፎርዲ ነዋ። ሁሉም እንደሚያደርገው።»

«ስንዴው ሞተ?»

«አልሞተም። ቱፎርዲ ስንዴ አይ—» አቆሙ።

«የረጨውም ቱፎርዲ ነው። ለመድኃኒቱ ሽንብራ አረም ነው ኤሱማ። ኑ፣ ላሳይዎት። የአምናው ስንዴ ገቦ፣ ሳይዘራ የበቀለው፣ ማሳው ውስጥ መኖር አለበት። ቆሞ ካገኘነው ማንም እርስዎን መርጦ አልመረዘም።»

ኤልቃናን ለማዳን ኤልቃናን ትቼ መሄድ ነበረብኝ። ሌላ መንገድ አልታየኝም። አጎቴን እየጎተትኩ ወደ ማሳው መሀል ገባሁ። ጥቁር አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ የተጠማዘዘው ሽንብራ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ከኋላችን የዘንጉ ድምፅ ይሰማል። ኤልቃና መጀመሪያ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ የእናቱን ቋንቋ ይናገር ጀመር፤ ከዚያ ድምፁ ቀረ። ምቱ ግን አልቀረም። እኔ ጎንበስ ብዬ ሣር እለያለሁ። ይህ ሙጃ ነው። ይህ ሰርዶ ነው።

ያገኙት አጎቴ ናቸው።

«ይኸው» አሉ።

ብቻውን ቆሟል። አገዳው አረንጓዴ ነው፤ ዛላው ወጥቷል። ከሥሩ ሁለት ሽንብራዎች ተጠማዝዘው ደርቀዋል። አንድ አፈር፣ አንድ ንፋስ ነው የነካቸው። አጎቴ ተንበረከኩና ቅጠሉን በጣታቸው አሹት።

«ይህ ለምን ዳነ?»

«ሰውነቱ ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰብርበት ነገር ስላለው። ጤፍም አለው። የኦቦ ቢቂላ ጤፍ የዳነው ኦቦ ቢቂላ ስለፈረሙ አይደለም፤ ጤፍ ስለሆነ ነው።»

«ሽንብራ የዘራነው እኮ እኛው ነን» አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። «እንዳይለኩብን ብለን።»

ስንዴውን ከነሥሩ ነቀሉት። ሽንብራዎቹንም አብረው ነቀሉ። አጎቴ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ሮጡ።

«ዲሳ! ተዉት! ዲሳ!»

ክቡን በትከሻቸው ሰብረው ገቡ። ደገፋ ዘንጉን አንስቶ ነበር። አጎቴ ስንዴውን ፊቱ ላይ ዘረጉለት።

«ከኔ ማሳ ነው የነቀልኩት! እይ! ስንዴው ቆሟል፣ ሽንብራው ሞቷል። መድኃኒቱ ሰው አልለየም፤ ተክል ነው የለየው። ልጁ እውነቱን ነው!»

«ኦቦ ቦጂያ፣ ወንድሜ ሞቷል» አለ ደገፋ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ወንድሜ ቤት ተጋድሟል፤ እርስዎ ስለ ስንዴ ያወሩኛል?»

«ወንድምህን ይህ አልገደለውም!»

«ዞር ይበሉልኝ!»

ዘንጉ ወረደ። አጎቴ ኤልቃና ላይ ተደፍተው ስለነበር ጀርባቸው ላይ አረፈ። ትንፋሻቸው ከደረታቸው ሲወጣ ሰማሁት። አልተነሱም። ኤልቃናን በሁለት እጃቸው አቅፈው ራሱን በደረታቸው ሸፈኑ። ደገፋ እንደገና አነሳ፤ ግን አንድ ሽማግሌ የወደቀውን ስንዴና ሽንብራ ከመሬት አንስቶ ያገላብጥ ነበር። ለጎኑ ሰው ሰጠው። ያም አገላብጦ ለሌላው አቀበለው።

«እውነት ነው» አለ ሽማግሌው። «ቱፎርዲ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ባቄላዬን እንዲህ አድርጎብኝ ያውቃል።»

«ታዲያ ድሮ አትናገርም?» አለው አንዱ።

«ማን በአየር ይመጣል ብሎ ያስባል? እኔ በጣሳ ተሳስቼ ነው የደፋሁት።»

ማንም አልሳቀም። ሰው አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለ። ድንጋይ የያዘው ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፤ እንዳይሰማ የፈለገ ይመስል ነበር። ደገፋ ዘንጉን ጣለና መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረው።

የፖሊስ ፒካፕ በማሳው መሀል ሲመጣ ሁላችንም ዘግይተን ነው የሰማነው። ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ተኩሱ ሲጀመር ሰው እንደ ጤፍ ተበተነ። ስንዴውን ይዞ የነበረው ሽማግሌ በግንባሩ ወደቀና አልተነሳም። ደገፋን ሁለት ልጆች እየጎተቱ ወሰዱት። እኔ መሬት ላይ ተኝቼ አፈሩን ነክሼ ነበር። ጥይቶቹ ሽንብራውን እየቆረጡ ያልፋሉ።

ተኩሱ ሲቆም ማሳው ላይ የቀረነው ጥቂት ነን። አጎቴ አልሸሹም። ተንበርክከው የኤልቃናን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እጃቸው እስከ ክርናቸው ደም ነው። ደም የነካው የብረት ዘንግ አጠገባቸው ወድቋል።

አንድ ፖሊስ በሰደፍ ፊታቸውን መታቸው።

«እሳቸው አይደሉም!» አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። «እሳቸው አይደሉም የመቱት! ያዳኑት እሳቸው ናቸው!»

«አንቺ ማነሽ?»

«የእህታቸው ልጅ ነኝ።»

«በል እንግዲያ» አለ ለጓደኛው እየሳቀ፤ «ምስክር ከነቤተሰቡ መጣልህ።»

«ራሱን ጠይቁት! ኤልቃናን ጠይቁት!»

ፖሊሱ ኤልቃና ላይ ጎንበስ አለ። መንጋጋው ተሰብሯል። አንድ ዓይኑ ተደፍኗል፤ ሌላኛው ክፍት ነው። ኤልቃና ለመናገር ሞከረ፤ ከአፉ አረፋና ደም ብቻ ወጣ።

«ማነው የመታህ?» አለው ፖሊሱ። «አሳየኝ።»

ኤልቃና ያልተሰበረውን እጁን አነሳ። እጁ ሄዶ የአጎቴን ደረት ነካ፤ ኮታቸውን ጨበጠ። እንዳይለቁት ነበር የሚለምናቸው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። አጎቴም እጁን ይዘው «አለሁ፣ አለሁ ልጄ» አሉት።

«በቃ፣ አመለከተ» አለ ፖሊሱ።

አጎቴን እጃቸውን ወደ ኋላ አሰሯቸው። ኤልቃናን በቱታው አንጠልጥለው ፒካፑ ላይ ጫኑት፤ አጎቴንም እዚያው አጠገቡ ወረወሯቸው። እኔ ልሳፈር ስል ፖሊሱ በእግሩ ገፋኝ። መኪናው ማሳውን አቋርጦ አስፋልት ሲወጣ አጎቴ እጃቸው እንደታሰረ ኤልቃና ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ከኋላዬ የአበባ እርሻው መጋዘን ፈነዳ፤ እኔ ወደዚያ አልዞርኩም።

ኤልቃና ሰበታ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። አጎቴን በእሱ ግድያ ከሰሷቸው። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ፤ አጎቴ ግን አልተፈቱም። ጉዳያቸው ሲታይ ፍርድ ቤት ገብቼ ሰው በተሞላበት ክፍል ውስጥ ቆሜ፣ ኤልቃና የአጎቴን ኮት የጨበጠው እንዳይለቁት እየለመነ እንደነበር ተናገርኩ።